አበባዬ ሥር የተበተነው በቆሎ

ይህ ከሆነ ገና ዓመት አልሞላውም። የተከካ በቆሎ ባየሁ ቁጥር ግን ሳቄ ያመልጠኛል፤ አንድ ጊዜማ ባለሱቁን አስደንግጬዋለሁ።

መምህርት ነኝ፤ የምኖረው ዓረብ አገር፣ አል ኹድ በሚባል ሰፈር ነው። ዓርብ ዓርብ ለአገሬ ልጆች ሳይንስ በአማርኛ አስተምራለሁ። አንድ ቀን ክሪሳንተመም የምትባለው አበባ የምታብበው ወር ቆጥራ ሳይሆን የጨለማውን ርዝመት ለክታ እንደሆነ አስረዳሁና፣ «ለወላጆች ቀን ቤት ውስጥ እንድታብብ አድርጌ አመጣላችኋለሁ» አልኩ።

«ካላበበችስ ቲቸር?» አለች ቤቲ፣ የክፍሉ ነገረኛ።

«በወላጆቻችሁ ፊት እዘፍናለሁ!»

ድምፄን የሚያውቅ ሰው አደጋው ይገባዋል።

ተክሏን ሳሎን ውስጥ ትልቅ ካርቶን ውስጥ አስቀምጬ በጥቁር ጨርቅ ሸፈንኳት። ሁለት መብራት ሰቀልኩላት። ቀዩ ተክሏን «ነግቷል» ይላታል። ሌላው ሩቅ ቀይ ይባላል፤ ዓይናችን እምብዛም አያየውም፣ ለእሷ ግን «መሽቷል» ማለት ነው። ቀን ከቤት ስለማልውል ሰዓቷን ገለበጥኩት፦ ማታ ቀዩ ይበራላታል፤ ጠዋት ስወጣ ሩቅ ቀዩን ለጥቂት ደቂቃ አብርቼ ሁሉንም አጠፋለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ጨለማ ውስጥ ትተኛለች።

ወር አለፈ፤ እምቡጥ የለም። ቤቲ በየሳምንቱ «ቲቸር፣ ዘፈኑን መረጡ?» ትለኛለች።

አንድ ማታ ውኃ ላጠጣት ጨርቁን ስገልጥ ሥሯ የተከካ በቆሎ ተበትኗል። አይጥ ነው ብዬ ጠረግሁት። በማግስቱም በቆሎ፤ ጠረግሁት። በሦስተኛው ቀን በቆሎው በዛ፣ አጠገቡም በሲኒ ውኃ ተቀምጧል።

አይጥ ውኃ በሲኒ አያቀርብም!

በአራተኛው ቀን ሆን ብዬ በስድስት ሰዓት ቤት ገባሁ። ቀዩ መብራት ቦግ ብሎ በርቷል። አብረውኝ የሚኖሩት እትዬ ዘነቡ፣ ቢሮ አጽድተው እኩለ ቀን ላይ የሚመለሱት፣ ተንበርክከው ጨርቁን ስንዝር ያህል ገልጠው በቆሎ ይበትናሉ።

«ብሉ እንጂ የኔ ልጆች፣ ያላ!»

«እትዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ውይ ልጄ! አከራዩ ዶሮ አይፈቅድም ብዬ ምስጢርሽን ይዤልሽ ነበር። ግን በዚህ ኤሲ ጫጩቶችሽ አለቁ እኮ! ካመጣሻቸው ጀምሮ ቀን ቀን መብራቱን የማበራላቸው እኔ ነኝ፤ አንቺ ሳትመጪ አጠፋዋለሁ።»

«የምን ጫጩት?»

«በቀይ መብራት እየሞቀ ከጫጩት ሌላ ምን ይረባል? ጨዋዎች ናቸው መቼም፣ ድምፃቸው አይሰማ። የሰጠኋቸውን ሁሉ ደግሞ ሙልጭ አድርገው ነው የሚበሉት።»

የበላነው እኔና መጥረጊያዬ ነን! ወለሉ ላይ ተቀምጬ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ፤ ከዚያ ጨርቁን ገልጬ አሳየኋቸው።

«አበባ?» አሉ። ለተክሏ ይህ ሰዓት እኩለ ሌሊት እንደሆነና በየቀኑ ከእንቅልፏ እየቀሰቀሷት እንደነበር ሳስረዳቸው ደረታቸውን መቱ። «አይ ኃጢአቴ፣ እንቅልፍ የነሣኋት እኔ ነኛ!»

ከሳምንት በኋላ ትምህርት ቤት ሳለሁ ደወሉ። «ልጄ፣ እጄ ለምዶ አበራሁት!»

«ቀዩን ያጥፉና ቶሎ ሁለተኛውን ይጫኑ! ተክሏ የምታምነው በመጨረሻ ያየችውን ብርሃን ነው።»

«ይኼ እኮ አይበራም!»

«በርቷል፤ የማናየው እኛ ነን።»

«እሺ፣ አንቺን አምኜ ጨለማውን አበራሁት።»

ከዚያ በኋላ በጨርቁ ላይ ወረቀት ለጠፉበት፦ «ተኝታለች።»

የወላጆች ቀን ሲደርስ ሰባት ቢጫ አበባ ፈንድቶ ነበር። እትዬ ዘነቡ እንደ አራስ ልጅ አቅፈው ክፍል ይዘዋት ገቡ። ወላጆች አጨበጨቡ። ቤቲና ጓደኞቿ ግን አኮረፉ፤ ለካስ ልጆቹ ሁሉ ዘፈኔን ለመስማት እንዳታብብ ሲጸልዩ ነው የከረሙት። እኔም ከደስታዬ ብዛት ዘፈንኩ። እንደፈራሁት አስቀያሚ ነበር፤ እንዲህ የተሳቀበት ቀን ግን አላስታውስም።

ለፋሲካ ለእትዬ ዘነቡ ዶሮ ገዛሁላቸው። አገላብጠው አይተው፣ «ከእነዚያ ከጨዋዎቹ ናት?» አሉኝ።

ለልጆች ቀኑን ሙሉ ሳስረዳ እየዋልኩ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ለሚኖሩት እናት አንዲት ቃል አለማስረዳቴ አሁንም ያሳፍረኛል። ካርቶኑን ግን አልጣልኩትም። ጠርዙ ላይ አንዳንድ የበቆሎ ፍሬ ተሰንቅሮ ቀርቷል፤ እሱን አልጠርገውም።