የአባባ እንግሊዝኛ

አባቴ ከእኛ ጋር ሊኖሩ ከአገር ቤት እኛ ወዳለንበት ከተማ፣ ኬንት፣ ሲመጡ ልጄ ሰባት ዓመቷ ነበር። ከአማርኛ የምታውቀው ነይ፣ ብይ እና ተኚን ብቻ ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሥራ ይበዛብኝ ነበር። እሷና አባባ አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ዝም ሲባባሉ ማየት ያንገበግበኝ ነበር።

አባባ እንግሊዝኛ አያውቁም ማለት ግን አይደለም። ልብስ ሰፊ ነበሩ። በወጣትነታቸው ሚሲዮኖች የሰጧቸውን አሮጌ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ከአማርኛው ጎን ዘርግተው፣ ቁጥር በቁጥር እያመሳከሩ ብቻቸውን ተምረዋል። እናም እንግሊዝኛ ሲናገሩ እንደ ነቢይ ነው የሚናገሩት።

አንድ ቀን ልጄን ከትምህርት ቤት ሲያመጡ አውቶቡሱ ሊያመልጣቸው ሆነ። “ታሪ፣ ታሪ” እያሉ ሮጡ፤ በመጽሐፍ ቅዱሱ የጥንት እንግሊዝኛ ቆይ ማለታቸው ነው። ሹፌሩ ይግባው አይግባው እንጃ፣ ቆመላቸው። ልጄ ግን ፊቷ በርበሬ መስሎ ገባች።

“ማሚ፣ እንደዚህ የሚያወራ ሰው የለም” አለችኝ በእንግሊዝኛ።

ነገሩን ላስተካክል ብዬ በቀላል እንግሊዝኛ የተተረጎመ አዲስ መጽሐፍ ቅዱስ ገዛሁላቸው። ጥቂት ቀን አንብበው መለሱልኝ።

“ጥሩ ነው ልጄ፤ ግን የሚቸኩል ሰው ይመስላል። አሮጌው ቁጭ ብሎ ያዋራኛል።”

ደግሞ አሮጌው “ዛው” የሚል ቃል አለው፤ ለቅርብ ሰው አንተ ወይም አንቺ እንደማለት ነው። የዛሬው እንግሊዝኛ ዘመድንም ባዳንም በአንድ ቃል መጥራቱን አልወደዱለትም። ይህን ለልጄ ተረጎምኩላት። በማግስቱ እራት ላይ፣ “አባባ፣ ዊልት ዛው ፓስ ዘ ሶልት” አለቻቸው። አባባ ጨው ማቀበሉን ረስተው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን ሌላ ቤት ሆነ። ጎረቤት ከተማ ፌደራል ዌይ አረጋውያን ስንከባከብ ውዬ ስመለስ ድምፃቸው ከበር ውጭ ይሰማኝ ነበር። ስለ ስፌት መኪናቸው፣ አይታት ስለማታውቃት ስለ እናቴ፣ እናቴ ስትሞት ስላለቀሱት ልቅሶ በዚያው በአሮጌው እንግሊዝኛ ያወሩላታል። ለእኔ አንድም ቀን ነግረውኝ አያውቁም። ቀናሁ። ወጥ እያማሰልኩ ጆሮዬን ብጥልም ግማሹ አይገባኝም ነበር።

አባባ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗል። ልጄ አሁን በቁመት በልጣኛለች፣ መኪና መንዳትም እየተማረች ነው። እንግሊዝኛዋ እንደ እኩዮቿ ፈጣንና የተቆራረጠ ነው። ያ የሳሎን ወሬ ይናፍቀኛል፤ አንዳንዴ በር ላይ ቁልፌን እንደያዝኩ ቆሜ አዳምጣለሁ።

ባለፈው ሳምንት እሷ እየነዳች ስካይዌይ ከሚባለው ሰፈር ስንመለስ ቀይ መብራት ያዘን። ብቻዬን የተለማመድኩትን፣ “ዊዘር ጎኤስት ዛው” አልኳት። ወዴት ትሄጃለሽ ማለት ነው። ትስቃለች፣ ትመልስልኛለች ብዬ ነበር።



“ማሚ፣ ፕሊስ” አለች በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብላ። “በዚያ እንግሊዝኛ እኔ እስካሁን ከአባባ ጋር አወራለሁ። አንቺ በአማርኛ አዋሪያቸው።”

መብራቱ ለቀቀንና ነዳች። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ፣ “አባባ” ብዬ ጀመርኩ። ቀጥሎ ምን እንደምላቸው አላወቅኩም።