ሙናዊር ጋ የቀሩት ፊቶች

መሳለሚያ አካባቢ «ዘፈን እንጭናለን» የሚል ታፔላ ከነበራቸው ሱቆች ሁሉ ታፔላው ያልተነቀለው የሙናዊር ብቻ ነው። ዛሬ ዘፈን የሚያስጭን የለም። እሱም የሚሸጠው ቻርጀርና የስልክ ሽፋን ነው። ለምን አታወርደውም ሲሉት «ምን በደላችሁ?» ብሎ ይቆጣል።

በደጉ ጊዜ ሱቁ በር ላይ ወረፋ ነበር። መዝሙር የሚፈልገው፣ መንዙማ የሚፈልገው፣ የህንድ ፊልም ካልተጫነልኝ አልሄድም የሚለው፣ ሁሉም ጥፍር የምታክለውን ሚሞሪ ከስልኩ አውጥቶ ይሰጠዋል። ሚሞሪዋ ታዲያ ሁልጊዜ በፎቶ ጢም ያለች ናት። ፎቶው ካልወጣ ዘፈኑ አይገባም።

«ይጥፋ?» ይላል ሙናዊር።

«ኧረ በአላህ!» ይላል አንዱ፤ «ኧረ በማርያም!» ትላለች ሌላዋ። «አንተ ጋ ይቀመጥልኝ።»

እሱም ፎቶውን ወደ ኮምፒውተሩ ሃርድ ዲስክ ገልብጦ ያስቀምጣል። ሰውም ዘፈኑን ይዞ ይሄዳል፤ ፎቶውን ይረሳል። በነጠላ ዋጋ ግማሽ ቀን የሚከራከር የመርካቶ ሰው የልጁን ክርስትና ፎቶ ሰው ሱቅ ጥሎ ይሄዳል!

ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል፤ ኢንተርኔት ያለው ስልክ መጣና ሥራውን ገደለው። ሃርድ ዲስኮቹ ግን ቀሩ። ጡብ ጡብ የሚያካክሉ፣ ገመዳቸው ጠፍጣፋ፣ አዲስ ኮምፒውተር ላይ መሰኪያ እንኳ የሌላቸው ናቸው። ሚስቱ ናኢማ ቁራሌው ባለፈ ቁጥር «ስጠውና እንገላገል» ትላለች።

«የሰው አደራ ለቁራሌው?» ይላታል። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ። እሱ ራሱ ገልብጦ ከማስቀመጥ በቀር ከፍቶ አይቷቸው አያውቅም።

ባለፈው ክረምት ፍሬሕይወት መጣች። ሸማ ተራ ከእናቷ ከእትዬ ወለተ ማርያም በወረሰችው ሱቅ ነጠላ ትሸጣለች። እናቷ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል።

«ጋሽ ሙናዊር፣ የእማዬ መልክ እየጠፋብኝ ነው» አለችው ገና ሳትቀመጥ። «ያለኝ የቀበሌ መታወቂያዋ ላይ ያለው ብቻ ነው። እሱ ደግሞ እሷን አይመስልም፤ የተቆጣች ሌላ ሴትዮ ነው የሚመስለው። ያመማት ጊዜ ስልኳ ከነሚሞሪው ጠፋ። ግን ‹ፎቶው ሙናዊር ጋ ነው› ትል ነበር።»

ሙናዊር ደነገጠ። በዚያ ሁሉ ዘመን አደራውን ሊጠይቅ የመጣ ሰው አልነበረም።

ምናለሽ ተራ ገብቶ ከቆርቆሮና ከብሎን መካከል ያንን ጠፍጣፋ ገመድ የሚቀበል አሮጌ ኮምፒውተር ሲፈልግ ሰነበተ። አገኘና ፍሬሕይወትን አስጠራት። የመጀመሪያውን ዲስክ ሲሰካው ቋ፣ ቋ አለና ጸጥ አለ። ሞቷል። ሁለተኛውም እንዲሁ። የቀረው አንድ ነው። ፍሬሕይወት አፏን በእጇ ያዘች።

«አይዞሽ» አላት።

የመጨረሻውን «ቢስሚላህ» ብሎ ሰካው። አጉረመረመ፣ ዝም አለ፣ እንደገና አጉረመረመና መዞር ጀመረ። ሳይሞትበት ያለውን ሁሉ ወደ አዲስ ዲስክ ገለበጠው። አዲሱም አንድ ቀን ማርጀቱ አይቀርም፤ ያኔ ደግሞ እንደገና መገልበጥ ነው።

ፎልደሮቹ በሰው ስም አልተሰየሙም። መርካቶ ሰው የሚታወቀው በስሙ ሳይሆን በሚሸጠውና በሚቀመጥበት ነዋ! «ሳጥን ተራ ቀዩ በር»፣ «ቦምብ ተራ ብረት ድስት»፣ «ረጅሙ ተሸካሚ»። ሙናዊር ደህና መገልበጣቸውን ለማየት አንዳንዱን ከፈት ከፈት አደረገ። ሰርግ ነው፣ ክርስትና ነው፣ ኢድ ነው። ፈርሶ ፎቅ የተሠራበት ሰፈር ከነአጥሩ ቆሟል። ያረፉ ሰዎች ይስቃሉ። ዛሬ የልጆች አባት የሆኑት ጎረምሶች ንፍጣቸውን ሳይጠርጉ ተደርድረዋል። ይህ ሁሉ ሕዝብ ናኢማ መጥረጊያ የምታስደግፍበት ብረት ውስጥ ሆኖ ሲጠብቀው ኖሯል።

«ሱብሃነላህ» አለ ደጋግሞ። «ሱብሃነላህ!»

ከዚያ ወደ ፍሬሕይወት ዞረ። «እናትሽ ያኔ ምን ነበር የሚሸጡት?»

«ድርና ማግ።»

«ሸማ ተራ ድር» የሚለውን ከፈተ። ፎቶው ሁሉ የፍሬሕይወት ነው። ፍሬሕይወት በዩኒፎርም፣ ፍሬሕይወት ለጥምቀት ለብሳ፣ ፍሬሕይወት ተኝታ። እናትየዋ የሉበትም። ስልኩን የያዙት እሳቸው ናቸው፤ ማን ያንሳቸው?

«በቃ ተወው፣ ጋሽ ሙናዊር» አለች ቀስ ብላ።

ከፎቶዎቹ ኋላ አንድ ቪዲዮ ነበረ። ከፈተው። ልጅቷ ፍሬሕይወት ግድግዳ ተደግፋ፣ ፈገግ እንዳለች ደርቃ ቆማለች። እናትየዋ ፎቶ የሚያነሱ መስሏቸው ቪዲዮውን ነክተውታል።

«አትንቀሳቀሺ እኮ ነው የምልሽ!» ይላል ድምፃቸው። «ምነው ይሄ ነገር ቀጭ አላለም? ዓይኑ ተደፈነ እንዴ?»

ስልኩን ገለበጡት። ግድግዳውና ጣሪያው ዞረ። ከዚያ ፊታቸው መጣ። ስክሪኑን ሞልተው፣ ግንባራቸውን ቋጠር አድርገው፣ ፊት ለፊት እያዩ፣ የካሜራውን ዓይን በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ ጠረግ አደረጉና ሳቁ።

ሙናዊር ሳያስበው ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ኖር!» አለ።

«በእግዜር» አለች ፍሬሕይወት በእናቷ ፈንታ፣ እንባዋ እየወረደ።