ጸበል የጠጣችው ሞተር

ባለፈው ሰሞን ከቤቴ ፊት ለፊት የተከራየችው ነርስ ያገለገለ ሞተር ብስክሌት ገዝታ መጣችና፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ያውቁበታል አሉ፤ እስቲ ድምፁን ይስሙልኝ» አለችኝ። ማን እንደ ነገራት እንጃ። እዚህ ላሊበላ ሞተር የነዳሁበትን ዘመን የሚያስታውስ ሰው ብዙ አልቀረም። ጎንበስ ብዬ አዳመጥሁ፣ የነዳጅ ጋኗን ክዳን ከፍቼ አሸተትሁ። ደህና ናት አልኋት። ቤቴ ገብቼ ግን እጄን በሳሙና ደጋግሜ ታጠብሁ። የቤንዚን ሽታ እስከ ዛሬ ያቅለሸልሸኛል፤ ምክንያቱን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

በደርግ ጊዜ ነው፤ የወልድያው የቻይና መንገድ ካለቀ ብዙም አልቆየም። እኔ እዚሁ ከተማ ወጣት አስተማሪ ነበርሁ። ከመንገዱ ቀያሾች ጋር ሾፌር የነበሩ ጋሽ ይመር የሚባሉ ሰው በጨረታ የገዟትን ቀይ ሞተር ሸጡልኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከአፌ እየነጠቅሁ ያጠራቀምሁትን ሰጠኋቸው። ከፈጣሪ በታች የምፈራው ነገር ሁሉ ከዚያች ቀን ጀምሮ በእሷ ዙሪያ ሆነ። እኔ ከተፈጥሮዬ ስጉ ነኝ፤ ንብረት ሲጨመርበት ደግሞ አይጣል ነው። በኩፖን የማገኛትን ቤንዚን በነጠላ ጫፍ አጥልዬ ነበር የምቀዳላት። ካንዴላዋን በየሦስት ቀኑ ፈትቼ እጠርጋለሁ፣ ካቴናዋን ዘይት እቀባለሁ። ማታ ቤት አስገብቼ፣ ጋቢዬን አልብሻት እኔ በአንሶላ እተኛለሁ። ጓደኞቼ «ሚስት አገባህ ወይስ ሞተር ገዛህ?» ይሉኝ ነበር።

ችግሩ ሊብሬዋ ነበር። በጋሽ ይመር ስም ስለነበር ሞተሯ ላም አለኝ በሰማይ ሆነችብኝ። እሳቸው ወልድያ ናቸው፣ ስም ለማዛወር ደግሞ ሁለታችንም መቅረብ አለብን። ይህን እያሰብሁ እንቅልፍ ሳጣ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር በደጄ ሲያልፍ ቆም ብሎ ሞተሯን አየና፣ ባለቤቷ በወረቀት ካልታወቀ ለአብዮቱ ሥራ እንደምትፈለግ እየሳቀ ነገረኝ። በዚያው ሳምንት ጋሽ ይመር ወደ አሰብ መዛወራቸውን፣ ቅዳሜ ማለዳ እንደሚነሡና እስከ ዓርብ ካልደረስሁ እንደማላገኛቸው ላኩብኝ። ተለማምጬ የሁለት ቀን የይለፍ ወረቀት አወጣሁ፤ ሐሙስና ዓርብ ብቻ።

አባቴ የገነተ ማርያም ቄስ ነበሩ። ልጃቸው በዚያ ገደል በሁለት እግር ብረት ሊሄድ ነው ሲባል ሰምተው፣ ረቡዕ ቀኑን በእግራቸው መጡ። በአንድ እጃቸው የሽምብራ ቆሎ፣ በሌላው ጸበል የሞላ ጠርሙስ ይዘዋል። ሐሙስ ሲነጋጋ ዳዊታቸውን ደግመው፣ እኔንም ሞተሯንም ረጩን። የረሳሁትን የይለፍ ወረቀት ላመጣ ቤት ገብቼ ስወጣ የነዳጅ ጋኗ ክዳን ላላ ብሏል። እኔው ሳልዘጋው ቀርቼ መስሎኝ አጠበቅሁትና እጃቸውን ስሜ ተነሣሁ።

ወሩ ታኅሣሥ ነው። እስከ ተከዜ ድረስ ቁልቁለቱን እንደ ልቧ ወረደች። በየአውድማው ገብስ ይወቃል፣ ገለባው እስከ መንገዱ ይበናል። ወንዙን ተሻግሬ የጋሸናን ዳገት ስጀምር ግን አሳላት፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ተንተፋተፈችና ቀጥ አለች። ካንዴላዋን ፈትቼ ጠረግሁ፤ ተነሣች፤ ሃምሳ እርምጃ ሄዳ ሞተች። እንደገና ፈታሁ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ ያ ሁሉ ጥንቃቄዬ ለዚች ቀን አልሆነኝም። ፀሐይዋን ባየሁ ቁጥር ጋሽ ይመር ዕቃቸውን ሲጭኑ ይታየኛል። እየገፋሁ፣ እያረፍሁ፣ የአውድማ ሰዎችም እያገዙኝ ጋሸና መግቢያ ካለው ኬላ ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል።

የኬላው ሃምሳ አለቃ ይለፌን አገላብጦ አየና ለምን እንደምገፋ ጠየቀኝ። ሙሉ ነዳጅ ይዤ ቆመችብኝ አልሁት። በዚያ ጊዜ በተራራው ማዶ ሽፍቶች አሉ ይባል ነበር፤ ቤንዚን በኩፖን የሚሰጠውም በቁጥጥር ነው። ከመንገድ ዳር ምግብ ቤት ያላትን ዘሃራን ብርጭቆ አስመጣና የነዳጁን ቱቦ አስፈትቶ ቀዳ። የወረደው ውኃ ነው፤ ላዩ ላይ ጥቂት ቤንዚን ተንሳፏል። ዳገት ላይ ውኃው ወደ ኋላ ሸሽቶ በቱቦው እንደሚገባ በኋላ ነው መካኒክ ያስረዳኝ።

«ቤንዚኑን ለማን ሰጥተህ ነው በውኃ የተካኸው?» አለኝ ሃምሳ አለቃው።

አሻጥር የሚለውን ቃል ገና አላነሣም፤ እኔ ግን ሰምቼዋለሁ። ለዚህ ጥያቄ መልስ አጥቶ ወደ ቤቱ ያልተመለሰ ሰው አውቃለሁ። ብርጭቆውን ሳየው ከታች ስስ ግራጫ ደለል ተቀምጧል፤ እምነት ነው፣ አባቴ ከጸበሉ ጋር የሚበጠብጡት የቤተ ክርስቲያን አመድ። የላላው ክዳን ያን ጊዜ ገባኝ። አባቴ ብዬ ብናገር እኔ እድን ይሆናል። ግን በማግስቱ መኪና ገነተ ማርያም ይወርዳል፤ ካህናቱ ሽፍታ ያበላሉ እየተባለ የሚታሙበት ጊዜ ነው።

«እኔ ነኝ የጨመርሁት» አልሁ። «ጸበል ነው፣ ጓድ ሃምሳ አለቃ።»

«አስተማሪ አይደለህም እንዴ?»

«ነኝ።»

«ጸበል ከሆነ ጠጣው።»

ሹፌሩ፣ ወታደሩ፣ ገበያተኛው ቆሞ እያየኝ ጠጣሁት። ጉሮሮዬ ተቃጠለ፣ ዓይኔ አለቀሰ። ሃምሳ አለቃው አልሳቀም። በእውነት ያመንሁበት መስሎት ይሁን ወይም አሳዝኜው፣ ፊቱን አዞረ። ላሊበላ ጠይቆ ማንነቴን እስኪያጣራ ግን ሞተሯንም እኔንም እዚያው አቆየን። ሳስታውክ ዘሃራ ወተት ይዛልኝ መጣች። ጾመ ነቢያት ነው አልኋት። «አብሽር፣ ጾምህን ጌታህ ያውቀዋል፤ ይልቅ አንጀትህን አድን» አለችኝ፤ ጠጣሁ።

የተለቀቅሁት ዓርብ ከሰዓት ነው፤ ሃምሳ አለቃው ይለፌን በጀርባው ፈርሞ አራዘመልኝ። ሞተሯን ዘሃራ ጓሮ ትቼ በእህል መኪና ተሳፈርሁ። መኪናው መንገድ ላይ አድሮ ቅዳሜ ረፋድ ወልድያ ስደርስ ጋሽ ይመር ሄደዋል። ስመለስ የነዳጅ ጋኗን አድርቄ ሞተሯን ወደ ላሊበላ መለስኋት፤ ወር ሳይሞላ ቀበሌው ወሰዳት። እየተነዳች በደጄ ስታልፍ ካቴናዋ ዘይት እንዳጣ በድምፁ አውቅ ነበር።

በየዓመቱ ለጥምቀት ገነተ ማርያም እሄድ ነበር። በዚያ ዓመት ቀረሁ። አባቴ ጥቂት ቀን ጠብቀው እንደገና በእግራቸው መጡ። ጋሸና ስለ ሆነው ምንም አልሰሙም፤ መወሰዷን ብቻ ነው የሚያውቁት። ከመደቡ ላይ ተቀምጠው ባዶውን ጥግ ሲያዩ ቆዩ።

«ልጄ፣ ላይዋን ብቻ አልነበረም እኮ የረጨሁት» አሉ። «ሕመምተኛ እንደምናጠጣው ውስጧንም አጠጥቻት ነበር። ታዲያ ምነው ተወሰደችብህ?»

የቤንዚኑ ጣዕም አፌ ላይ መጣ።

እጃቸውን ገልብጠው አዩት። «ጸበሉስ ጸበል ነው። እጄ ነው እንጂ፤ የእኔ እጅ ኃጢአት ይኖርበታል።»

እውነቱን በአንድ ቃል ልነግራቸው እችል ነበር። ሞተር ውኃ አይወድም፣ ነገሩ ይኸው ነው፣ ብል ምናልባት ይደነግጡ ይሆናል፣ ምናልባትም ይስቁ ነበር፤ ሳቅ ይወዱ ነበር። እኔ ግን ተናድጄባቸው ነበር። ላለማሳዘን ዝም እንዳልሁ ለራሴ ስነግረው ኖሬአለሁ፤ ውሸት ነው። ጥፋተኛ ነኝ ማለታቸው ደስ ብሎኝ ነበር። ሻይ ላፍላልዎ ወይ ብዬ ተነሣሁ።

ከሞቱ በኋላ ተዝካራቸው ላይ እናቴ አንድ ነገር ነገረችኝ። ከዚያ ዓመት ወዲህ ሰው ጸበል እርጩልን ሲላቸው ሌላ ካህን ይጠሩለት ነበር። ለምን ስትላቸው፣ ደክሞኛል ይሏት ነበር። እሷም እርጅና መስሏት ነበር።

አሁን እኔ እሳቸው ያኔ ከነበሩበት ዕድሜ አልፌአለሁ። ሊቀመንበሩንም ሃምሳ አለቃውንም ይቅር ካልኋቸው ቆይቷል፤ ሞተሯም ከሐሳቤ ወጥታለች። አባቴን ከወታደሩ አድኛቸዋለሁ፣ ይህን እኔም አውቃለሁ። ግን በገዛ እጃቸው ላይ የነበራቸውን እምነት ይዘው እንዳይሞቱ ያደረግሁት እኔ ነኝ።