ለአራት ሲካፈል

ባለፈው ሳምንት የሒሳብ መምህራችን ክፍሉን ለማሟሟቅ ብለው ቀላል ጥያቄ ጻፉልን። የአምስት ተማሪዎች አማካይ ውጤት ተሰጥቷል፤ የአራቱም ይታወቃል፤ አምስተኛው ስንት አገኘ? ዩኒቨርሲቲ ገብተን ይህን መጠየቃችን ብዙዎችን አሳቃቸው። እኔም መልሱን ጻፍኩ፤ እጄን ግን አላወጣሁም። አምስተኛዋን ልጅ አውቃታለሁ።

ስድስተኛ ክፍል ስገባ ከገጠር፣ ከሐርላ መጥቼ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር፣ የአባቴ እህት ቤት ተቀመጥኩ። በእኛ ቋንቋ አዳዳ ነው የምላት። እስከ አምስተኛ ክፍል የተማርኩት በኦሮምኛ ስለነበር ማካፈልና ማባዛት አያቅተኝም፤ ምኑ በምን እንደሚካፈል ከአማርኛው ጥያቄ አንብቤ እስክረዳ ግን ሰዓቱ ያልቃል። አዳዳ ስትቀበለኝ ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ትምህርት ቤቱ በአንቺ ጉዳይ አንድ ቀን ቢጠራኝ፣ በማግስቱ ሐርላ ነሽ።»

የሒሳብ ቲቸራችን አምስት አምስት አድርጎ አቧደነን። ከፈተና በኋላ የየቡድኑን አማካይ ጥቁር ሰሌዳው ጥግ ላይ ይጽፋል። ከስልሳ አምስት በታች ያመጣ ቡድን ሳምንቱን ክፍል ይጠርጋል፤ ከደገመ ወላጅ ይጠራል።

በመጀመሪያው ፈተና እኔ ሠላሳ አገኘሁ። የቀሩት አራቱ በአማካይ ሰባ ነበራቸው፤ ከእኔ ጋር ስልሳ ሁለት ሆንን። የቡድን መሪያችን የባለሱቅ ልጅ ነበር፤ መጥረጊያውን እጄ ላይ አስቀመጠና «ያወረድሽን አንቺ፣ የምትጠርጊው አንቺ» አለ። በዚያ ሙቀት ሳምንቱን ሙሉ ብቻዬን ጠረግሁ። እነሱ በር ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል፤ ቲቸር ሲያልፍ ተነስተው ወንበር ያነሳሉ።

ከሁለተኛው ፈተና በፊት ባለው ቀን መሪያችን ከሦስቱ ጋር ሆኖ ከትምህርት ቤቱ በር ውጪ ጠበቀኝ። ድምፁ እንደዚያ ለስልሶ ሰምቼው አላውቅም።

«አቦ፣ ነገ አትምጪ።»

«ለምን?»

«አንቺ ከሌለሽ ለአራት ነዋ የሚካፈለው! ቀላል ሒሳብ ነው።»

«ዜሮ ቢሰጠኝስ?»

«ላልመጣ ሰው ምን ዜሮ አለው? ዜሮ ለማግኘት እንኳን መምጣት አለብሽ።»

ሌሎቹ ሳቁ። ከዚያ አንዷ «ከነገ ወዲያ እኛ ዴስክ ላይ ትቀመጫለሽ፣ ወላሂ» አለችኝ። እስከዚያ ድረስ የምቀመጠው ኋላ ብቻዬን ነበር። እሺ አልኩ።

በማግስቱ አዳዳ እንዳትጠረጥር ዩኒፎርሜን ለብሼ ወጣሁ። ወደ ደረቁ ወንዝ ወርጄ አሸዋው ዳር የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥኩ። ሳምንቱን ሙሉ ሳጠና ስለነበር ከመጽሐፉ የአማካይ ጥያቄዎችን እያነበብኩ አሸዋው ላይ በእንጨት ሠራኋቸው። ከጀርባ ካለው መልስ ጋር ሳስተያይ ሁሉም ልክ ነበሩ። ፍየሎች መጥተው ረገጡት።

ቲቸር ውጤቱን ይዞ የመጣ ዕለት አራቱ በአማካይ ሰባ አምስት አግኝተው ነበር። መሪያችን ገና ከወንበሩ ሳይነሳ ቲቸር ሰሌዳው ጥግ ላይ ስልሳ ብሎ ጻፈ።

«ቲቸር፣ ለአራት እኮ ነው!»

«የቡድንህ አባላት ስንት ናቸው?»

«አምስት፤ ግን እሷ…»

«የቀረ ዜሮ ነው። አንቺ፣ ነይ ውጪ።»

ጠመኔውን ሰጠኝና ለክፍሉ ጮክ ብሎ ጥያቄውን አነበበ። የአራት ተማሪዎች ድምር ሦስት መቶ ነው። የአምስቱ አማካይ ስልሳ አምስት እንዲሆን አምስተኛዋ ስንት ማግኘት ነበረባት?

ስልሳ አምስትን በአምስት አባዛሁ፤ ሦስት መቶ ሃያ አምስት። ሦስት መቶውን ቀነስኩ። ሃያ አምስት ብዬ ጻፍኩ። በክፍሉ ፊት ያለ ስህተት የሠራሁት የመጀመሪያ ጥያቄ ነው።

«ጎበዝ!» አለ ቲቸር። «ባለፈው ስንት ነበር ያገኘሽው?»

«ሠላሳ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«ታዲያ ለምን ቀረሽ?»

«አትምጪ ብለውኝ ነው» አልኩና ወደ ቡድኔ አየሁ።

«እኛ?» አለች ዴስኳን ቃል የገባችልኝ ልጅ። «ወላሂ አላልንም!»

ቲቸር ወላጅ ጠራ። የአራቱ ወላጆች ልጆቻቸውን ተቆጥተው ሄዱ። አዳዳ ማንንም አልተቆጣችም፤ እጄን ይዛ ባጃጅ ውስጥ አስገባችኝ። ባጃጁ ሲነሳ ቲቸር የነገራትን ይዛ ወደ እኔ ዞረች።

«ሃያ አምስት ማምጣት አቃተሽ?»

«አዳዳ፣ እችል ነበር።»

«ብትችዪማ ቁጭ ብለሽ ትፈተኚ ነበር።»

በማግስቱ ጠዋት መሸኛዬን ልንወስድ ሄድን። መጽሐፌን ለመመለስ ወደ ክፍል ስገባ ቲቸር ሰሌዳው ጥግ ላይ የቡድናችንን ቁጥር በእጁ መዳፍ እያጠፋ ነበር። አባላት፦ አራት ብሎ ጻፈ። ከጎኑ ሰባ አምስት አለ።

መሪያችን መጽሐፉን ከእጄ ተቀበለኝ። በጣም ደስ ብሎት ነበር።

«አላልኩሽም አቦ?» አለኝ። «ለአራት ነው።»