መድኃኒቱን የለመደው ቫይረስ

በላቦራቶሪው «እትዬ ብልቃጥ» ነበር የምትባለው። ስሙን ያወጣላት የጽዳት ሠራተኛው ነው፤ ከሰው ይልቅ ከብልቃጦቿ ጋር ስታወራ ብዙ ጊዜ ሰምቷታል። ባሏ ካረፈ፣ አንድ ልጇም አግብታ ሩቅ ከተማ ከሄደች ወዲህ ሌላ የምታጫውተው አልነበራትም።

ሥራዋ በብልቃጥ ውስጥ ሴሎችን ማሳደግ ነው። የሚመገቡትን ፈሳሽ እየቀየረች ታፋፋቸውና ቫይረስ ትለቅባቸዋለች፤ ከዚያ አዲሱን መድኃኒት ጠብ ታደርጋለች፣ መጀመሪያ በጥቂቱ፣ ኋላ እየጨመረች። የጥናቱ ኃላፊ ቫይረሱ መድኃኒቱን ይለምድ እንደሆነ ማወቅ ፈልገው ነው። በልባቸው ግን አይለምድም ብለዋል።

ልጇ እየደወለች ነይ አብረን እንኑር ትላት ነበር። እሷም ሴሎቹን ማን ያበላልኛል ትላለች፤ ይሳሳቃሉ። ሲውል ሲያድር ሳቁ ቀረ፤ ነይ ማለቱም ቀረ።

አንድ ጠዋት ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ስትል፣ ከብልቃጡ ወለል ተጣብቀው ያደሩት ሴሎች ተኮማትረው፣ ተላቅቀው ሲንሳፈፉ አየች። መድኃኒቱ እንዳለ አለ፤ ቫይረሱ ግን ከቁብ አልቆጠረውም። ቫይረስ ራሱን ሲያባዛ ይሳሳታል። አብዛኛው ስህተት ራሱኑ ያጠፋዋል፤ አንዳንዱ ግን መድኃኒቱ የሚይዘውን ቦታ ይለውጥበታል። የቀሩት ሲያልቁ ያ የተረፈው ብልቃጡን ይወርሳል። ዞር ብላ የምትነግረው ሰው ፈለገች። የጽዳት ሠራተኛው ብቻ ነበር፤ ቫይረሱ መድኃኒቱን ለመደው አለችው።

«የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሸምጥጣ ነዋ» አላት፣ መወልወሉን ሳያቆም።

ኃላፊው ሌላ ነገር ገብቶበት ይሆናል፣ ድገሚው አሏት። ከማቀዝቀዣው መድኃኒት ያልነካውን ቫይረስ አውጥታ ከሀ ጀመረች። ወራት አለፉ፤ ያው ሆነ። ኃላፊው ራሳቸው አጎንብሰው ሲያዩ ቆዩና፣ «ለብቻው አይችለውም ማለት ነው» አሉ ዝግ ብለው። መድኃኒቱን ከሌላ ጋር አጣምሮ የሚሞክር ሌላ ቡድን ተረከበው።

የእሷ ክፍል ጭር አለ። ልጇ ጋ ደወለች።

«ልጄ፣ አሁን መምጣት እችላለሁ።»

«እማ፣ ላንቺ ያልነውን ክፍል ለአማቴ ሰጠናቸው እኮ። አልነገርኩሽም?»

«ነግረሽኛል» አለች። አልነገረቻትም።

ለጥቂት ቀን ግን ነይ ተባለችና ሄደች። ሳሎን ሶፋ ላይ አደረች። ትንሿ የልጅ ልጇ ለጎረቤት ልጅ ስታስተዋውቃት፣ «ይቺ ደግሞ ሌላዋ አያቴ ናት» አለች። እሷም ሳቅ ብላ እጇን ለጎረቤቱ ልጅ ዘረጋች።