ባለ ሜዳ አህያው ብርድ ልብስ

«አንድ ጊዜ ‹ልክ ነዎት› ብትይ አፍሽ ይጣመማል?» አለችኝ አክስቴ፣ በርበሬ በረንዳ፣ ሱቋ ደጃፍ ላይ፣ ደንበኛ ቆሞ እየሰማ። እሷ ሰው ፊት መናገር ትወዳለች። እኔ ደግሞ ሰው ፊት መመለስ እወዳለሁ። በዚህ አንድ ነን፤ እሷ ግን «ይሄን ምላስ ከእናትሽ ወገን ነው ያመጣሽው» ትላለች።

ነገሩ የሜዳ አህያ ነው። ቀልዴን አይደለም። ከነነፍሷ አይቻት በማላውቅ የሜዳ አህያ ነው ገና ያልጀመርኩት ትዳር የታመሰው።

ሊያገባኝ የጠየቀው ሰውዬ ብርድ ልብስ ከቻይና ያስመጣል። ዕድሜው ከእኔ ብዙ ይበልጣል፤ ሆዱ ከሱ ቀድሞ በር ይገባል። ሊያየኝ ቤታችን የመጣ ዕለት፣ ባዶ እጄን አልሄድም ብሎ አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ ይዞ መጣ። ሌላው ሰው አንበሳ ወይ ነብር ያለበትን ይሰጣል፤ እሱ የሜዳ አህያ መንጋ። አልሸጥ ያለውን መርጦ እንደሆነ ሱቁን የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። ሶፋው ላይ ዘረጋው፤ አክስቴ «ውይ! ውይ!» እያለች ደባበሰችው። ከዚያ ትምህርት ጀመረ።

«ይሄ መስመር ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አለኝ። እንደማላውቅ እርግጠኛ ነበር። «ለአንበሳ ነው። ሳር ውስጥ ስትቆም ሳር ትመስላለች። አንበሳው አጠገቧ ያልፋል፣ አያያትም። ፋብሪካው ውስጥ ነው የነገሩኝ።»

ብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ።

«ሳሩ ጥቁርና ነጭ ነው?» አልኩት።

አክስቴ በክርኗ ጎሰመችኝ። እኔ ግን አንዴ ከጀመርኩ መቆሚያ የለኝም። ታክሲ ውስጥ በሬዲዮ የሰማሁትን ነገርኩት፤ ለዝንብ ነው የሚሉ አሉ፣ ዝንብን ያ መስመር ግራ ያጋባውና ማረፍ ያቅተዋል አልኩ። ሬዲዮው ራሱ «ገና አልተቋጨም» ማለቱንም አልደበቅኩም። «እዚህ እህል የሚያራግፉትን አህዮች አያዩም? ዝንቡን እንደ ኩል ተኩለውት! መርካቶ አንበሳ መቼ መጣባቸው?»

«ዝንብ!» አለ ሰውዬው፣ ስሙን ያጠፋሁበት ይመስል። ወጡን ሳይጨርስ እጁን ታጠበና ሄደ።

አንድ ነገር ግን አልዋሽም። ሰውዬው «ካገባኋት ሱቅ እከፍትላታለሁ» ብሎ ነበር። መርካቶ ያደገ ሰው የራስ በር ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል። እኔ ትምህርቴን ጨርሼ፣ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ፣ የአክስቴን በርበሬ እየመዘንኩ ቀኑን ሙሉ አስነጥሳለሁ። ሰውዬውን አልፈለግሁትም፤ በሩን ግን ፈልጌዋለሁ። አክስቴ ይሄን ታውቃለች፤ የምትወጋኝም እዚያው ላይ ነው።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሰውዬው አጎቱን ላከ። ቂም አልያዘም አሉ፤ ነገር ግን «ሰው ፊት ስላዋረደችኝ፣ ሰው ፊት ‹ተሳስቼ ነው› ትበል» ብሏል። ለሜዳ አህያ ሽምግልና!

ወሬው ወጣና ሰሞኑን በረንዳው ሁሉ የእንስሳት ሊቅ ሆነ። ከአጠገባችን ሚጥሚጣ የምትሸጠው ሴትዮ «ምን ያከራክራችኋል? አህያ ጭነት እንቢ ብላ ስትሸሽ የተገረፈችበት ሰንበር ነው» አለች። ከተባለው ሁሉ ይሄ ይሻላል፤ ቢያንስ ፋብሪካ ነገረኝ አላለችም። ፊት ለፊታችን ያሉት ሀጂ ደግሞ ሳቁብኝ፦ «አላህ ያሻውን ይፈጥራል። አንቺ ልጅ፣ ብርድ ልብሱ ይሞቃል ወይስ አይሞቅም?» ይሞቃል አልኳቸው። «በቃ! ግቢበታ!»

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰውዬው ከአጎቱ ጋር መጣ። ቅዳሜ ማታ አክስቴ ስታለማምደኝ ነበር፤ «ልክ ነዎት፣ ለአንበሳ ነው፣ ተሳስቼ ነው።» አጭር ነው። እኔም ልለው ቆርጬ ነበር። ሱቁን የት እንደምፈልግ፣ ሚዛን የሚባል ነገር እንደማላስገባበት ሳይቀር አስቤ ጨርሻለሁ።

ሰውዬው ሶፋው ላይ፣ እዚያው የሜዳ አህዮቹ ላይ ተንፈላሰሰ።

«እህሳ፣» አለ፣ «የሜዳ አህያ ለምንድን ነው ባለ መስመር የሆነችው?»

አጎቱ መሬት መሬት አዩ። ደግ ሰው ናቸው፣ አፍረዋል። አክስቴ በጎን ሆና ከንፈሯን ታንቀሳቅስልኛለች፦ ለ… አን… በ…

«ልክ ነዎት፣» አልኩ።

አልኩት እኮ! ወጣልኝ። አፌም አልተጣመመም። አክስቴ በረጅሙ ተነፈሰች።

ሰውዬው ግን እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ዘንበል አለ። «ምን አልሽ? ጮክ በያ፤ ጋሼም ይስሙ እንጂ። ከነምክንያቱ ነው የጠየቅሁሽ።» ፈገግ ብሏል። አክስቴም አብራው ፈገግ አለች።

«አላውቅም፣» አልኩ ጮክ ብዬ። «እርስዎም አያውቁም።»

«ተይ አንቺ ልጅ! ቁጭ በይ! ኧረ ጋሼ ይያዟት!» ትላለች አክስቴ። ጋሼ አልያዙኝም፤ እግራቸውን ሰብሰብ አድርገው አሳለፉኝ። ጫማዬን ደጃፍ ላይ አንስቼ በእጄ ይዤ ወጣሁ፤ እግሬ ላይ ያደረግሁት መሳለሚያ መንገድ ላይ ከደረስኩ በኋላ ነው።