የዝሆን ጥርሱ ተረካቢ

ካዛንቺስ፣ ከባምቢስ ከፍ ብሎ ባለ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ከኮንትሮባንዲስቶች የተያዙ የዝሆን ጥርሶች ግምጃ ቤታችን ተቀምጠው ነበር። የግምጃ ቤት ኃላፊዋ ልክ እንደ ወንበሩና እንደ ጠረጴዛው የንብረት ቁጥር ለጥፈውባቸዋል።

አንድ ቀን ሕገወጥ ንግዱን ለማስቆም የመጡ የውጭ ባለሙያ ጥርሶቹ ይቃጠሉ አሉ። አለቃችንም ተስማሙ። ግቢው ውስጥ እንጨት ተከመረ፣ ጋዜጠኛ ተጠራ። ኃላፊዋ ግን የወጪ ቅጻቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ።

«ተረካቢ ሳይፈርም ዕቃ አይወጣም።»

«የሚቃጠል ነገር ምን ተረካቢ አለው?» አልኳቸው። በግኜ ነበር።

«ታዲያ በቆጠራ ጊዜ ጎደለ ልባል?»

ማን ይፈርም ተብሎ ግማሽ ሰዓት ተሰበሰብን። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ነን፤ ፊርማ ምን እንደሚያመጣ እናውቃለን። ፈረንጁ አያውቁም ነበርና ሰዓታቸውን አይተው ፈረሙ። ጥርሶቹ ተቃጠሉ፣ ፎቶ ተነሣን፣ እሳቸውም አገራቸው ገቡ።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ሰኔ፣ ቆጠራው ሲያልቅ፣ ለእሳቸው አንድ ደብዳቤ እተይብ ነበር፤ «በፊርማዎ የተረከቡትን የዝሆን ጥርስ በአስቸኳይ እንዲመልሱ»። በሦስተኛው ዓመት ኃላፊዋ ከግርጌው አንድ መስመር አስጨመሩኝ፤ «ግልባጭ፦ ለፖሊስ»።